ባዶ ጀሪካን ይዘሽ ያገኘሁሽ ጠዋት

ጥሩዬ፣ የቤቴ እመቤት፤

ከተለያየን ሰባት ወር ሆነን። አርባሽንም ሰማንያሽንም አውጥተናል። በስድስት ወሩ ተዝካርሽ ጎረቤቱ ሁሉ ስለ ሙያሽና ስለ ደግነትሽ ሲያወራ ዋለ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ የልቤን ለማንም አልተነፈስኩም። ነገ ጠዋት መኪናዋን ይዤ ልወጣ ነው። ላንቺ ሳልናገር መሪ መጨበጥ ቢያቅተኝ፣ ከሰዓት በኋላውን ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ።

ቤቱ ትተሽው እንደሄድሽው አይደለም። እናትሽ ከኩልመስክ መጥተው አብረውኝ ይኖራሉ። የጀመርሽውን ፈትል እሳቸው ጨረሱት፤ ለሸማኔ መስጠቱ ግን አልሆነላቸውም፤ እዚያው ሙዳዩ ውስጥ አለ። ዶሮዎችሽን ሸለምጥማጥ ፈጃቸው። ጢሜን ብታዪው አታውቂኝም። እናትሽ ልትመነኩስ ነው ወይ እያሉ ይቀልዱብኛል።

አባዱላችንም አንቺ ካረፍሽበት ሳምንት ጀምሮ ግቢ ውስጥ እንደቆመች ነው። ዛሬ አጠብኳት፤ ጎማዋን አስነፋሁ፤ ባትሪዋን አስሞላሁ። የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ነገ ካልወጣሁ የደሴ መስመሬ ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ሁለት ጊዜ ደውሎ ነግሮኛል። እናትሽም እኔም የምንተዳደረው በዚህችው መኪና ስለሆነ መቅረት አልችልም። ከላሊበላ ጋሸና፣ ከጋሸና ወገል ጤና፣ ከዚያ በሽሎን ወርዶ፣ ወጥቶ ደሴ፤ ዓይኔን ጨፍኜ የምነዳው መንገድ ነበር። ዛሬ ለሙከራ ሞተር አስነሥቼ፣ ማርሽ ሳላስገባ መልሼ አጠፋሁት። ሰው የበሽሎን ገደል የፈራሁ ይመስለዋል። ያስፈራኝ የግቢያችን በር ነው።

ታስታውሻለሽ፣ መንገድ በወጣሁ ቁጥር ቀድመሽኝ ቦኖ ትወርጂና ጀሪካንሽን ሞልተሽ በሩ ላይ ትጠብቂኝ ነበር። መንገደኛ ሙሉ ዕቃ ካገኘ ገዱ ይቃናል፣ ባዶ ካገኘ ይመለስ የሚለውን ከአባቴ ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ስትስቂብኝ ኖረሽ፣ ኋላ ከእኔ ብሰሽ ቁጭ አልሽ። አንዴማ ቦኖው ቢደርቅ የጎረቤት ጠላ በእንስራ ተሸክመሽ ብቅ አልሽ። ከሰፈራችን የሚሳፈሩት ሽማግሌዎች፣ እሷን ሳናይ አንሄድም ይሉ ጀመር።

ያን ቀን ውሃው ጠፍቶ ነበር። ከበሩ ወጥቼ ትንሽ እንደሄድኩ፣ መታጠፊያው ላይ ካለችው ድንጋይ ላይ ተቀምጠሽ አገኘሁሽ፤ ባዶ ጀሪካን ይዘሽ። ፊትሽ ገርጥቶ ነበር። ይህ የሚታየኝ አሁን ነው፤ ያኔ ያየሁት ጀሪካኑን ብቻ ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣ በጠዋቱ ገደ ቢስ ሆንሽብኝ ብዬ ተቆጣሁሽ። ጀሪካኑን ከኋላሽ ደበቅሽው። እኔም ሳልወርድ ሄድኩ።

መንገዱን በሙሉ ለራሴ ስጠነቀቅ ዋልኩ። በየኩርባው ክላክስ እየነፋሁ፣ ቁልቁለቱን በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅኩ። ክፉው ነገር ከእኔ ጋር የተሳፈረ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ቤት ቀርቷል። ወገል ጤና ላይ ኔትወርክ አልነበረም። ደሴ ገብቼ ስልኬ ሲጠራ የሰማሁት ጎረቤታችን ስላንቺ ስታለቅስ ነበር። ተመልሼ ስደርስ ተቀብረሽ ነበር። ለሳምንታት ታምመሽ እንደነበር፣ መንገደኛ ሐሳብ አይያዝ ብለሽ ጎረቤቶቹን እንዳይነግሩኝ እንዳስማልሻቸው ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

ለንስሐ አባታችን ብነግራቸው ኖሮ፣ በገድ ማመን ኃጢአት ነው፣ ቀኗ ደርሶ ነው ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ግን እኔን የሚበላኝ ገዱ አይደለም። አንድ ጊዜ ወርጄ፣ ምን ሆነሽ ነው ብዬ ብጠይቅሽ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር ወይ? ይህን የምትመልሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ፤ አንቺም የለሽም። ጊዜ ያረሳሳል ይሉኛል። ሰባት ወር ሙሉ አልረሳሁም፤ ሰባት ዓመትም ቢሆን የሚቀልለኝ አይመስለኝም።

እናትሽ ነገ ውሃ ሞልተው በሩ ላይ እንደሚቆሙ ነግረውኛል። ወገብዎ አይችልም፣ ይቅርብዎት ብዬ ብለምናቸው፣ ልጄ ስታደርገው የኖረችውን እኔ ምን አቅቶኝ አሉ። ያን ጠዋት ምን እንዳልኩሽ አያውቁም። ዛሬ ልነግራቸው ፈልጌ፣ ጀሪካኑን በአመድ ሲያሹ አይቼ ተውኩት።

አልረሳሽም ማለት ቀላል ነው፤ ለቀስተኛ ሁሉ ይለዋል። እኔ የምገባልሽ ቃል ይህ ነው። በሕይወት እስካለሁ ከዚያ በር በወጣሁ ቁጥር፣ ያቺ ድንጋይ ጋ ስደርስ ሞተሩን አጠፋለሁ። ተሳፋሪ ቢያጉረመርም ያጉረምርም። ነገም እናትሽን ተሰናብቼ፣ መታጠፊያው ላይ አቆምና እወርዳለሁ። የምቀበለው ጀሪካን እንደሌለ እያወቅኩ እወርዳለሁ።

ያን ቀን ያልወረደልሽ ባልሽ