ባዶዋን የምታጋድል ፊያት

ለተከበሩ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ጉልላት፤

የፍቼ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኔም፣ ባለቤቴ የሺም፣ ልጃችን ፀሐዬም እስከ ዛሬ ደህና ነን፤ ጉለሌም ያው ጉለሌ ናት።

ፀሐዬ በሚያዝያ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞላው። የሰፈሩ እኩዮቹ ለብሔራዊ ውትድርና ስለ ሄዱ ሜዳው ላይ ኳስ የሚጫወት የለም። እሱም ከቤት አይወጣም።

አሮጌዋ ፊያቴ ጭነት ሲገባባት ከኋላ ወደ ቀኝ ታጋድል ነበር። የጎማዎቹን ንፋስ አስተካከልኩ፤ አልቀናችም። ለካስ ከሥር የሚሸከማት ባሌስትራ ደክሟል። የሺ ከኋላ ወንበር ሥር ብርድ ልብስ አነጠፈች። ፀሐዬን እዚያ ጉልበቱን አሳጥፌ አስተኛሁትና ከመሬት ያላትን ከፍታ በስንዝር ለካሁ። ከዚያ በቀኙ ባሌስትራ ላይ አንድ ብረት ደረብኩበት። አሁን ስትጫን ቀጥ ትላለች፤ ባዶዋን ግን ቀኟ ከፍ ይላል።

ጎረቤቴ ግዛቸው ባዶዋን አይቷት፣ «አድነው፣ ይህን ሁሉ ዘመን መካኒክ ሆነህ መኪናህን አጣመምካት?» ብሎ ሳቀብኝ። እጄን እየጠረግሁ አብሬው ሳቅሁ።

ከእንጦጦ ማዶ ያለው ኬላ ላይ፣ ያጋደለ መኪና ካዩ አስቁመው ይፈትሻሉ አሉ።

ቅዳሜ ልንጠይቅዎ እንመጣለን። መኪናዋን ከኋላ ይመልከቱልኝ። ቀጥ ብላ ከቆመች ግቢውን ቶሎ ይክፈቱልን። ቀኟ ከፍ ብሎ ካዩ ግን፣ የሺ ፊት ምንም አይጠይቁኝ።

ሁላችንንም በደህና ያገናኘን።

ታናሽዎ አድነው