ዲንቄ ከአጥራችን ሥር ያጸደቀችው ነጭ ሽንኩርት

አዳማ፣ ሐምሌ ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.

ድሬዳዋ ለምትገኘው ልጄ ለሰብስቤ፤ ክረምቱ እንደምን ይዞሃል? እኛ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን።

የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ውሻ ነክሶኛል፤ ቁንጫ ደሜን መጦታል፤ የመምህሬ አለንጋ ጀርባዬን ልጦታል። አንድ ቀን እንኳ አላማረርሁም። ሚስትህ ዲንቄ ግን በትዕግሥት በለጠችኝ።

ሰኔ ሲገባ ከአዋሽ ዳር የዱር ነጭ ሽንኩርት ከነአፈሩ አንሥታ፣ በነጠላዋ አቅፋ አምጥታ ከአጥሩ ሥር ተከለችው። ተሻለች የምትባለው ጎረቤታችን፣ «ይህ የጅብ ሽንኩርት ነው፤ ልትፈጂን ነው!» ብላ ሳቀችባት። ዲንቄ ቅጠሉን በጣቷ ጨፍልቃ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና፣ «እትዬ፣ እንዲህ የሚያውድ ጅብ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት። ሁሉም ጸደቀ፤ እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም።

«መቼ ይደርሳል?» ብላት፣ እንደ አገሯ ደንብ ስምህን ሳትጠራ፣ «ከርሞ ነው አባባ፤ እሱ ሲመጣ» አለችኝ።

የሰፈራችን ሰው ባጫ ባለፈው ሳምንት ከድሬዳዋ ተመልሷል። ስለ አንተ ኑሮ ደጋግሜ ብጠይቀው ስለ አገሩ ሙቀት ብቻ አወራኝ። ይህን ለዲንቄ አልነገርኋትም።

የአባቶችህ አምላክ በጤና ይጠብቅህ፤ በሰላም ያገናኘን። ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ቃሌን ሰጥቻለሁ፦ አንተ ብትመጣም ባትመጣም ቤቱንና ጓሮውን የማወርሰው ለዲንቄ ነው።

አባትህ መሪጌታ ደጀኔ