የአባዬ ኮምፒውተር ካርድ ይቀበል ይሆን?

ማክሰኞ፣ የካቲት 3፣ ከሰዓት
ኮምፒውተሩ እንደገና ጠፋ። ሥዕሉ ግማሽ ላይ ሲደርስ ድርግም። ማስታወሻዬ፣ ልጮህ ነበር፤ አባዬ ጓዳ ስላለ ትራሴን ነከስኩ።

ወ/ሮ ዘነቡ ቂሊንጦ ለፈረቃ ሠራተኞች ልጆች መዋያ ቤት ሊያሠሩ ነው። ንድፉን ለሰኞ ይፈልጉታል። ከእኔ። በስሜ። ያለፈው ሥራዬ ላይ አለቃዬ የራሱን ስም ጽፎ አቀረበው፤ ስጠይቀው ቡድን ነን እኮ አለኝ። ጥዬ ወጣሁ። አሁን ያለኝ አባዬ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ያረጀ ዕቃውን በጨረታ ሲያወጣ የገዛልኝ ኮምፒውተር ነው። ቀጭን፣ አሮጌ። ግራፊክስ ካርድ ካልገባለት ቤቱን ከነብርሃኑ ከነጥላው ማሳየት አይችልም።

አለቃዬ ዛሬ ደወለ። ተመለሺ፣ አዲስ ማሽን ይጠብቅሻል፣ እስከ ሰኞ አስቢበት። የስሜን ጉዳይ አላነሳም። ካርዱ እምቢ ካለ ምን እንደምመልስለት አላውቅም። ይህን ለአንቺ ብቻ ነው የምጽፈው።

ሐሙስ፣ የካቲት 5፣ ማታ
ሳሪስ አቦ፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ አቤል ጋ ሄድን። አባዬ ታክሲ ውስጥ ኮምፒውተሩን ጭኑ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፎት። ረዳቱ፣ አባባ ለእሱም ይከፈላል እንዴ ብሎ ቀለደ። "ገና ጡት አልጣለም" አለ አባዬ። ታክሲው በሳቅ። እኔም።

አቤል ክዳኑን ሊፈታ ሲል ቆመ። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹ በሙሉ በጥቁር ናስትሮ ታሽገዋል። ጥርት ባለ መስመር፣ አንዱም ሳይዛነፍ። የሚጠፋው ታፍኖ ነው።

"ማነው እንዲህ የቀበረው?"

አባዬ ኮፍያውን አወለቀ። የአቃቂ አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው አለ፤ የልጄ እንጀራ አይደል? በር ሥር ጨርቅ የምንወትፍ፣ መስኮት በላስቲክ የምንሸፍን ሰዎች ነን። ጀርባው ሁሌ ወደ ግድግዳው ስለሆነ እኔም አላየሁት። ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ኮሌታውን አስተካከልኩለት።

አቤል መረመረ። የካርድ መሰኪያ፦ አለው። ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ፦ ደካማ፣ ለካርድ የሚሆን ገመድ የለውም፣ ቅርጹም የተለየ ስለሆነ በሌላ አይቀየርም። ትልቅ ካርድ አይታሰብም። ከዋናው ሰሌዳ ከማዘርቦርዱ ብቻ መብራት የሚወስድ ትንሽ ካርድ ግን አቤል ራሱ ነበረው። ሰካው። ተነሳ! ቁመቱ ግን አልገጠመም፤ ክዳኑ አይዘጋም። ክፍቱን ከዋለ ይሠራል አለ፣ አባዬን እያየ። አባዬ ክዳኑን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7፣ ጠዋት
በውሃ ድምፅ ነቃሁ። አባዬ ግቢውን ረጭቶ ጨርሶ አጥሩን አልፏል፤ መንገዱን እየረጨ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ፣ "ጋሽ ታደሰ፣ ጎመን ዘሩበት እንዴ?" አሉት።

"ልጄ ሥራ ላይ ናት። አቧራ እንዳታስነሺ ቀስ ብለሽ ርገጪ።"

ኮምፒውተሩ አንጀቱን ዘርግፎ ይሠራል። አልጠፋም። ስክሪኑ ላይ የጠዋት ፀሐይ በመስኮት ገብታ የሕፃናቱ አልጋዎች ላይ ስታርፍ አየሁ። እኔ ያሰብኳት ፀሐይ።

እሁድ፣ የካቲት 8፣ ማታ
ቅበላ ነው። አባዬ ሥጋ ቤት ተሰልፎ ዋለ፣ እኔ ጨረስኩ። ንድፉ ሥር ሙሉ ስሜን ጻፍኩ፣ እስከ አባት። ጠርቼ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። የኔ ስም እዚህ ምን ይሠራል አለ።

ስሜ ነዋ፣ አባዬ።

ደግሞ አነበበው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ ደግሞ አነበበ።

ስልኬ እየጠራ ነው። አለቃዬ። ሰኞን እንኳ አልጠበቀም። እንደማልመለስ ልነግረው ነው፤ እዚሁ፣ አባዬ እየሰማ፣ ጮክ ብዬ—