ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ወንበር

ጥቅምት 14 ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ከባሕር ማዶ ሆነሽም ከሐሳቤ ለማትርቂው ለሚጣዬ፤

ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል። ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ እንጨት እፈልጣለሁ፣ ሸሚዜን አጥባለሁ፣ ጢሜን ያለ መስታወት እላጫለሁ። መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ብቻ እምቢ ብሎኛል፤ እሱም የመርፌው ጥፋት ነው፣ ዘንድሮ ቀዳዳውን አጥብበውታል። ይህን የምነግርሽ ወንድምሽ «አባባ ደክሟል» ብሎ እንደጻፈልሽ ስለሰማሁ ነው። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ አትታዘቢኝ፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ፣ አትቸኩይ።

የላክሻት ቤት አስዋቢ መጣች። ደህና ልጅ ናት፣ በዕድሜ አንቺን ታህላለች። ቤቱ የአካባቢያችንን መልክ ከያዘ እንግዳ ይከራየዋል፣ እኔም በኪራዩ እዚሁ እኖራለሁ፤ ካልሆነ ቤቱ ይሸጥና ወንድምሽ ጋ አራተኛ ፎቅ ላይ እወጣለሁ። ያላችሁኝ ይህንን አይደል? አልረሳሁትም። አራተኛ ፎቅ! እዚያ ላይ ከርግብ ጋር ነው የማወራው?

ልጅቷ ግድግዳውን የወንዙን ዳር ቀይ አፈር ቀባችው። እሱስ አማረ፤ ዝናብ ያባራበት ኮረብታ መሰለ። ከዚያ ግን የቤቱን ዕቃ ትሰቅል ጀመር። ወንፊቱ ተሰቀለ፣ ገመዱ ተሰቀለ፣ መጥረቢያዬ ሳይቀር ተሰቀለ።

«አባባ፣ ይሄ እኮ የአካባቢውን ታሪክ ይናገራል» አለችኝ።

«አይናገርም፣ ይፈልጣል። አውርጂልኝ፣ እንጨት አልቆብኛል።»

ሳቀች እንጂ አላወረደችም። ጠዋት ጠዋት ቀስ ብዬ አወርደውና ሠርቼበት፣ እሷ ሳትደርስ መልሼ እሰቅለው ነበር። በገዛ ቤቴ ሌባ ሆንኩልሽ። መቀመጥም አቃተኝ። ከጓዳ ሳሎን፣ ከሳሎን ደጅ፣ እግሩን እሳት እንደነካው ሰው ስዞር እውል ነበር።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ከበሩ ጎን የነበረው ዝቅተኛው ወንበር፣ እናትሽ መቀመጫውን በገመድ የጠለፈችው፣ ግድግዳ ላይ ወጥቷል። አራት እግሩ ወደ ሰው ተቀስሯል። ልጄ፣ ሌላውን ሁሉ ችዬው ነበር። እናትሽ ካረፈች ወዲህ ያ ወንበር ከስፍራው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ከጎረቤታችን ከግንበኛው መሰላል ተዋስኩና ወጣሁ። ወደቅሁ አልልሽም። ወረድኩ፤ ትንሽ ፈጠን ብዬ። ወንበሩ ምንም አልሆነም። እኔ ቀኝ እጄ አንጓው ላይ ተሰንጥቆ ታስሯል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «በዚህ ዕድሜዎ መሰላል ላይ?» ብትለኝ፣ «ያረጀውስ መሰላሉ ነው» አልኳት። ለወንድምሽ እንዳትነግሪው። ሰበብ ነው የሚፈልገው።

በማግስቱ ቤት አስዋቢዋ ስትገባ ጮህኩባት። «አንቺ የምታስጌጪው ቤት አይደለም፣ ሬሳ ነው! ባለቤቱ ገና አልሞተም!» አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ። ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ፣ «እሺ አባባ፣ የዚህ አካባቢ ቤት መልኩ ምንድን ነው? እርስዎ ይንገሩኝ» አለችኝ።

ሚጣዬ፣ «ተነሺ፣ ሄደን እንይ» አልኳትና ጎረቤት ለጎረቤት ዞርን። ልብስ ሰፊዋ ቤት ገባን፣ ግንበኛው ቤት ገባን። የግንበኛው ሚስት መቼም ምላሷን ታውቂዋለሽ፤ «ምነው ሽማግሌው፣ ሙሽራ አገኙ እንዴ?» አለችኝ።

«እኔንስ መቼ ፈልጋኝ፣ ወንበሬን ነው» አልኳት።

ስንመለስ ልጅቷ መንገድ ላይ ቆም አለች። «አባባ፣ የገባንበት ቤት ሁሉ በሩ ጎን ባዶ ወንበር አለ። እርስዎም ማንም ይቀመጡ ሳይልዎት እሱ ላይ ነው ቁጭ የሚሉት። ለምንድን ነው?»

«ለሚመጣ ሰው የተተወ ነዋ! የቤቱ ሰው አይቀመጥበትም። የመጣ ሰው ተቀመጥ እስኪባል ለምን ይቁም?»

እኔም የተናገርኩትን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ለካ ዓይኔ ለምዶት አያየውም ኖሯል። ያየችው እሷ ናት፤ ይህን አልክድም።

የዚያኑ ዕለት የሰቀለችውን ሁሉ አወረደች። መጥረቢያዬ ወደ ደጅ ተመለሰ፣ ወንፊቱ ወደ ጓዳ። ሳሎኑ ውስጥ ቀዩ ግድግዳና በሩ ጎን ያ ወንበር ብቻ ቀሩ። ፎቶ አነሳችና ቤት ለሚከራዩ ሰዎች ላከች። ሐሙስ ባልና ሚስት እንግዶች ይገባሉ። እንግዲህ አራተኛ ፎቁ ለጊዜው ርግቦቹን ይዞ ይቆይ። ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ አላውቅም፤ ዛሬ ብቻ ደጁን ስንት ጊዜ እንደጠረግሁት።

የትኞቹ ክፍሎች እንደሚከራዩ ጠይቀሽኛል። የኔ መኝታና ከሳሎኑ ቀጥሎ ያለው ናቸው። እኔ ጓዳ እተኛለሁ፤ ይሞቃል። ያንቺ ክፍል አይከራይም። አስዋቢዋም ብትለምነኝ እምቢ ብያለሁ። ፍራሹን ፀሐይ አስመትቼ መልሼ አንጥፌዋለሁ፤ እንዲሁ ነው፣ ሻጋታ እንዳይዘው።

የምትገቢበት በር ሁሉ ይከፈትልሽ። ክፉ ጎረቤት አይግጠምሽ፣ እጅሽ የነካው ይባረክ፣ እናትሽን የወሰደ አምላክ አንቺን ያቆይልኝ።

አባትሽ

ያለብኝን ዕዳ ወንድምሽ እንዳይነካብኝ፤ ራሴ እከፍለዋለሁ። ግንበኛው የመሰላሉ አንድ እርከን ተሰብሮበታል፤ እጄ ሲፈታ እጠርብለታለሁ። ለቤት አስዋቢዋ ይቅርታ አለብኝ፤ ሁለቴ ጀምሬው ስለ አየሩ አወራሁ፣ ሐሙስ ሳይደርስ እላታለሁ። ላንቺም አንድ ሽኝት አለብኝ፤ የሄድሽ ለት ከበር አላለፍኩም ነበር። ሽኝት ለመክፈል ግን መጀመሪያ አንቺን መቀበል አለ።