የወ/ሮ ሬጊና ማትያሰን የሕይወት ታሪክ፦ ስማቸው ለሕፃኗ ከመሰጠቱ በፊት በቀብራቸው ላይ የተነበበ

ወ/ሮ ሬጊና ማትያሰን ከአባታቸው ከአዳኙ ከአቶ ኤኖክ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሳቢና፣ በግሪንላንድ ምዕራብ ጠረፍ በምትገኘው በኑጋርሱክ መንደር፣ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1946 ተወለዱ። በዚያው ክረምት የአባታቸው እናት ሬጊና አርፈው ስለነበር ስማቸው ለሕፃኗ ተሰጠ። በመንደራችን ስም ብቻውን አይሰጥም፤ ባለቤቱም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ አቶ ኤኖክ ገና ጥርስ ያላበቀሉትን ሬጊናን «እማዬ» እያሉ ይጠሩ ነበር፤ ለቀልድም አልነበረም። አቆስጣ የሚባለውን የባሕር አውሬ ገድለው ሲመለሱ ጉበቱ ትኩስ እንዳለ መጀመሪያ የሚቀርበው ለእናታቸው፣ ማለትም ለሬጊና ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጁት ታናሽ እህታቸው ወ/ሮ አማሊያ ናቸው። የሕይወት ታሪክ የሚጻፈው እንደ ሦስተኛ ወገን ሆኖ ነው ስለተባሉ ስለ ራሳቸውም እንደ ሌላ ሰው ይናገራሉ፤ ለሚናገሩት ነገር ይህ ሳይሻል አይቀርም። አማሊያ በ1949 ሲወለዱ የተሰጣቸው ስም በሩቅ መንደር የሞቱት የእናታቸው አክስት ስም ነበር። እኚያን ሴትዮ እዚህ የሚናፍቃቸው ሰው ስላልነበረ፣ አማሊያን «እማዬ» ወይም «እትዬ» ያላቸው አልተገኘም። ጉበቱም እሳቸው ዘንድ ሲደርስ ቀዝቅዞ ነበር። ቅናቱ የጀመረው ያኔ ነው፤ እዚህ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው መደበቅ አያስፈልግም።

ወ/ሮ ሬጊና ፊደል የቆጠሩት በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1958 ጎበዝ ተማሪዎች ተመርጠው ለአንድ ዓመት ዴንማርክ ሲላኩ እሳቸውም ተመረጡ። ሲመለሱ ቀይ ካፖርት ለብሰው፣ የእናታቸውን ቋንቋ ደግሞ ግማሹን ረስተው ነበር። የጠፋባቸውን ቃላት አንድ በአንድ ያስታወሷቸው አማሊያ ናቸው። ይህ የፈጀው አንድ ወር አማሊያ ከእህታቸው በልጠው የኖሩበት ብቸኛ ወር በመሆኑ እዚህ እንዲጻፍ ፈልገዋል።

በ1967 ዓሣ አጥማጁን አቶ ቶቢያስን አግብተው ሄንድሪክን፣ ካሮሊናንና ዮኩምን ወለዱ። ቶቢያስን በጭፈራው ቤት መጀመሪያ ያነጋገሩት አማሊያ ነበሩ የሚለው ወሬ እውነት ነው፤ ነገር ግን ዛሬ ቦታው አይደለም። በ1978 የመንደሩ ሙዚየም ሲከፈት ሬጊና በጽዳት ተቀጥረው፣ ሳይውል ሳያድር የሙዚየሙ ኃላፊ ሆኑ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የድሮ ሰዎችን የድንጋይ ቢላዋና የአጥንት መርፌ ከአፈር እየለቀሙ አኖሩ። አማሊያ በእነዚያ ዓመታት በዓሣ ፋብሪካው የዓሣ ሆድ ሲዘረግፉ ኖረዋል።

በ2003 በጋ፣ ከመንደሩ በጀልባ አንድ ሰዓት በሚርቀው ሰው አልባ ዳርቻ ላይ ቁፋሮ ተጀመረ። ከኮፐንሃገን የመጡት ተመራማሪዎች የሚፈልጉት ከአራት ሺህ ዓመት በፊት እዚያ የኖሩትን ሰዎች ጥርስ፣ አጥንት ወይም ፀጉር ነበር። በረዶ ያቆየው ጥርስ ውስጥ ዲኤንኤ ይገኛል፤ እሱ ከተነበበ ሰዎቹ ከየት ተነስተው በየት እንደመጡ ይታወቃል። የእኛ ሰው የሚፈልገው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እነዚያ ሰዎች አያቶቻችን ናቸው ወይስ አይደሉም? ሬጊና የቁፋሮው ሠራተኞች አለቃ ሆኑ፤ አማሊያንም አፈር እንዲነፉ ቀጠሯቸው። በእህት መቀጠር ምን እንደሚመስል ያላየ አያውቀውም።

የመንደራችን ሴቶች ቆዳ የሚያለሰልሱት በጥርሳቸው፣ የጅማት ክር የሚያረጥቡት በከንፈራቸው ነው። አንድ ነገር አጥንት ይሁን ድንጋይ ሲያጠራጥርም በምላስ ይነካል፤ አጥንት ይጣበቃል፣ ድንጋይ ይንሸራተታል። በቁፋሮው ላይ ግን ይህ ክልክል ነበር። የሕያው ሰው ምራቅ ጠብታ እንኳ ከነካው የሚነበበው የሟቹ ሳይሆን የሕያው ሰው ይሆናል። ሬጊና ይህን በየማለዳው እየደጋገሙ፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያላደረገ ሰው እንዳይቆም ያስጠነቅቁ ነበር።

ኦገስት 9 ቀን አማሊያ ከወንፊቱ ላይ አንዲት ቡናማ ነገር አገኙ። ከሳምንት በፊት ጠጠር ይዘው «አገኘሁ» ብለው ሰው ሁሉ ስለሳቀባቸው ሁለተኛ መሳቂያ መሆን አልፈለጉም። ሬጊናም ቁልቁለቱን ይዘው እየመጡ ነበር፤ ከደረሱ ደግሞ ለይተው የሚያውቁት እሳቸው፣ የሚመሰገኑትም እሳቸው ናቸው። አማሊያ የአፋቸውን መሸፈኛ ወደ አገጫቸው አወረዱና ነገሩን ምላሳቸው ላይ አሳረፉት። ተጣበቀ፤ የሰው ጥርስ ነበር። ሬጊና በመዝገቡ ላይ «ያገኘችው አማሊያ» ብለው ሲጽፉም በዓይናቸው አዩ።

በሚቀጥለው ፀደይ ከኮፐንሃገን የመጀመሪያው ወሬ ደረሰ። የጥርሷ ባለቤት ሴት ነበረች፤ በእናት በኩል የሚወረሰው ዲኤንኤዋም ከእኛ መንደር ሰዎች ጋር አንድ ሆነ። ደወል ተደወለ፣ ኬክ ተጋገረ፣ ሽማግሌዎች አለቀሱ። ሬጊና ኮፐንሃገን ሄደው በትልቅ ስብሰባ ላይ ስለ ጥርሷ እንዲናገሩ ተጋበዙ። ጥርሷን ያገኙትን አማሊያን ግን የጋበዛቸው አልነበረም።

ግብዣው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ዶክተር ሲግኔ የምትባል ወጣት ተመራማሪ መጣች። ሙዚየሙ ውስጥ እህትማማቾቹን ብቻ አስቀመጠቻቸው። የሠራተኞቹ ሁሉ ምራቅ ሲመረመር፣ የተነበበው የጥንቷ ሴት ሳይሆን የሕያው ሰው መሆኑ ታውቆ ነበር። «ምራቁ ከሁለታችሁ የአንዳችሁ ነው» አለች። «የአንድ እናት ልጆች ስለሆናችሁ፣ በእናት በኩል ከሚወረሰው ብቻ የማን እንደሆነ መለየት አልቻልንም። ማናችሁ ናችሁ?»

አማሊያ አፋቸውን ሊከፍቱ ነበር። ሬጊና ቀደሟቸው።

«እኔ ነኝ።»

በዚህም ግብዣው ቀረ፣ ሬጊናም ከሙዚየሙ ተሰናበቱ። መንደሩ አያቱን በአንድ ቀን አግኝቶ በአንድ ቀን ስላጣ አልማራቸውም፤ «ላሺቱ» የሚል ቅጽል ስም አወጣላቸው። ስሙን ዛሬም የሚጠቀሙበት አሉ፤ ከመካከላቸውም አንዳንዶቹ እዚህ ተቀምጠዋል። አማሊያ ፈርተው እውነቱን ደበቁ። ከፍርሃታቸው ይልቅ የሚያሳፍራቸው ግን ሌላ ነው። ሰው በሱቅ፣ በጀልባ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስለ ሬጊና ብቻ ሲያወራ ሲሰሙ በስድቡም ቀኑ። የገዛ ጥፋታቸው እንኳ የእህታቸው ሆነ። አንድ ቀን አማሊያ፣ ሬጊናን የደረቀ ዓሣ ሲቆራርጡ አግኝተው እውነቱን ለሰው እንደሚናገሩ ቢነግሯቸው፣ ሬጊና ቀና ሳይሉ መለሱ።

«ከልጅነትሽ ጀምሮ የእኔ የሆነ ነገር ሁሉ ያምርሻል። አሁን ደግሞ ይሄ አማረሽ?»

ከዓመታት በኋላ ተመራማሪዎቹ የዚያችኑ ጥርስ ውጪውን አጥበው፣ ከሥሯ ውስጥ ቆፍረው እንደ አዲስ አነበቡ። ሴትዮዋ ከሌላ ሕዝብ ነበረች። የእሷ ወገኖች ከሳይቤሪያ በኩል ባሕሩን ተሻግረው ከእኛ ሦስት ሺህ ዓመት ቀድመው መጡ፣ ኖሩ፣ ጠፉ። የእኛዎቹ በዚያው መንገድ ሲደርሱ የሚቀበላቸው ዘመድ አልነበረም። ይህን ሲሰሙ ሬጊና ብዙ ቀን አንገታቸውን ደፍተው ሰነበቱ። የሴትዮዋን ስም የሚያወርስላት እንኳ አለመኖሩ እንዳሳዘናቸው ለልጃቸው ለካሮሊና ነግረዋታል።

ወ/ሮ ሬጊና ባለፈው መጸው የሳንባ ካንሰር ተገኝቶባቸው፣ ሕክምናውን ትተው ቤታቸው መሆንን መረጡ። ያስታመሟቸው አማሊያ ናቸው። ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ፣ ሾርባ እያጎረሷቸው ሳለ፣ ያን ቀን ለምን «እኔ ነኝ» እንዳሉ ጠየቋቸው። ሬጊና ማንኪያውን በእጃቸው ገፉት።

«ላንቺ አዝኜ እንዳይመስልሽ» አሉ። «ሃያ አምስት ዓመት መሬት ስጭር ኖሬ፣ አንቺ በሁለት ሳምንት አገኘሽው። ቅናት ገደለኝ፣ አማሊያ። ጥርሷ ላይ መዝገቡን ከመጻፍ በቀር የእኔ የሆነ ነገር አልነበረም። ምራቁ የእኔ ነው ብለው ይጻፉ ብዬ ነው።»

አማሊያ ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ቅናት የእሳቸው ብቻ ይመስላቸው ነበር። ሁለቱም ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ሳቁ፤ ሬጊናን ሳል ያዛቸው፣ አማሊያም አለቀሱ።

ወ/ሮ ሬጊና ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2024 በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። የሦስት ልጆች እናት፣ የሰባት ልጆች አያት ነበሩ። ባለቤታቸው አቶ ቶቢያስ ቀድመዋቸዋል። ባረፉ በአራተኛው ቀን የአማሊያ የልጅ ልጅ ፒፓሉክ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ነገ እሑድ ስትጠመቅ ሬጊና ትባላለች፤ ስሙም ካለው ነገር ሁሉ ጋር ወደ እሷ ይሄዳል። «ላሺቱ» ግን አብሮ መሄድ የለበትም። ስለዚህ በዚህ ጉባኤ ፊት ይነበብ፦ ጥርሷን የላሱት አማሊያ ናቸው። ወ/ሮ ሬጊና ማትያሰን በሕይወታቸው አንድም ጥርስ አልላሱም፤ የዋሹትም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከነገ ጀምሮ አማሊያ የልጅ ልጃቸውን ልጅ «እትዬ» ይላሉ። ሄንድሪክም አቆስጣ ሲገድል ጉበቱ መጀመሪያ ለማን እንደሚቀርብ የታወቀ ነው። ቆርጠው የሚያቀርቡት አማሊያ ናቸው፤ ደስ እንደማይላቸው ከአሁኑ ይታወቅላቸው።

መሬቱ በክረምት በበረዶ ስለማይቆፈር ባለፈው በጋ ተቆፍረው ከተተዉት የመቃብር ጉድጓዶች ባሕሩን የሚያየው ለወ/ሮ ሬጊና ሆኗል። ቀድመው የሄዱትን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ፣ ስም የሚያወርስላት ያጣችውን የዚያችን ሴት ነፍስ ሳይረሳ፣ የእሳቸውንም ነፍስ በሰላም ይቀበል። ሣጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ደግሞ ይህ የእህታቸው ቃል ይነበብላቸው፦

«እትዬ፣ ስምሽን አጽድቼልሻለሁ። ምራቄን መልሺልኝ።»