የተረፈችው ብሎን

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ። እግርሽን እንቅፋት አይንካው። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል። አንቺ ግን ሥራ ሥራ ስትዪ ምግብ እንዳትረሺ።

ትተሽልን የሄድሽው ላፕቶፕ እየጋለ ድርግም ማለት ጀምሮ ነበር። አባትሽ «ሞቷል፣ ተይው» ቢለኝም፣ «ከጋለ መጀመሪያ ማራገቢያው ይታይ» የምትይው ትዝ አለኝና በስፌት መኪናዬ ካቻቢቴ ፈታሁት። ባትሪውንም አስቀድሜ ነቀልኩ። ለካ የእኔ የጨርቅ ብናኝ አፍኖት ኖሯል! በብሩሽ ጠርጌ ገጠምኩት፤ ይኸው እንደ ድሮው ይሠራል። አባትሽ ለጎረቤቱ ሁሉ «ሚስቴ ሠራችው» ይላል። እኔ ግን «ሙያው የልጄ ነው፤ እጁ ብቻ የእኔ ነው» እላለሁ።

ብቻ አንዲት ብሎን ተርፋኛለች። ለአባትሽ አልነገርኩትም፤ ከአዝራሮቼ ጋር አስቀምጫታለሁ። ፈጣሪ እጅሽን ይባርክ፣ በደህና ያቆይሽ። እባክሽ ልጄ፣ ቦታዋን በስልክ አትንገሪኝ፤ መጥተሽ ራስሽ ግጠሚያት።