የመዝገብ ቤቷ ጀልባ

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 1999

ዛሬም አልለቅሽም አሉኝ። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ኃላፊዬ አቶ ዘነበ ከወረቀታቸው ቀና እንኳ ሳይሉ፣ "ምትክ ሳይመጣ መልቀቂያ የለም። ማን ሊተይብልን ነው?" አሉ።

በኮምፒውተር ተመርቄ እዚህ ላይኛው ከተማ ሴቻ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ደብዳቤ ስተይብ ሦስት ዓመቴ። ታች ሲቀላ ያለ አንድ ኮሌጅ ፕሮግራመር ይፈልጋል። ፈተናው ዓርብ ጠዋት ነው። "በሲ ቋንቋ ራስሽ የሠራሽው የኮምፒውተር ፕሮግራም ይዘሽ ነይ፤ እያንዳንዱን መስመር ታስረጂያለሽ" ብለውኛል። እኔ ሲን የተማርኩት በሽምደዳ ነው። ምንም ሠርቼበት አላውቅም።

ማክሰኞ

መዝገብ ቤት ጥግ ላይ ማንም የማይነካው አሮጌ ኮምፒውተር አለ። የመዝገብ ቤቷ ኃላፊ እትዬ አልማዝ፣ "አቧራውን ከጠረግሽው ያንቺ ነው" አሉኝ። ምሳ ሰዓት እዚያ ገባሁ።

መጀመሪያ ቁጥር የሚያስገምት ጨዋታ። ሠራ። ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ጀልባ ጀመርኩ፤ ጥቁር ስክሪን ላይ፣ በፊደልና በምልክት ብቻ። ጫሞ ሐይቅን ታቋርጣለች፣ ከአዞ ታመልጣለች።

የቀረኝ፦ ጀልባዋ ስትሄድ ከኋላዋ የሚቀረውን ምልክት ማጥፋት። አዞዎቹን ማንቀሳቀስ። ነጥብ መቁጠር።

ረቡዕ

አዞዎቹ ተንቀሳቀሱ። ጀልባዋ ግን ተበላሸች። አንዴ ደህና ትሄዳለች፣ አንዴ ስክሪኑ ድርቅ ይላል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከሰዓት ቃለ ጉባኤ እየተየብኩ ሐሳቤ እሷ ጋ ነበር። ይሄው ወንበር፣ ይሄው ፍርግርግ መስኮት። እዚሁ ነው የማረጀው?

ሐሙስ

እትዬ አልማዝ ጨዋታውን ለምደውታል። ዛሬ፣ "ልጄ፣ ወደ ቀኝ ዳር ስወስዳት ነው ቀጥ የምትለው። በግራ ምንም አትሆንም" አሉኝ።

ኮዱን አየሁ። ስክሪኑ ሰማንያ ዓምድ ነው፤ ሲ ከዜሮ ስለሚቆጥር የመጨረሻው ሰባ ዘጠኝ ነው። እኔ እስከ ሰማንያ ፈቅጃለሁ። ሲ ደግሞ ከወሰን ስታልፊ አይከለክልሽም፤ ዝም ብሎ የሌላ ነገር ቦታ ላይ ይጽፋል፤ ስክሪኑ የሚደርቀው ለዚህ ነው። ሰማንያውን ወደ ሰባ ዘጠኝ ቀየርኩት። ዳር ደርሳ ተመለሰች።

ቀና ስል አቶ ዘነበ በሩ ላይ ቆመዋል። "በመንግሥት ኮምፒውተር ጨዋታ?" ላስረዳቸው ስል፣ "ነገ ጠዋት ሪፖርት ይተየባል፤ እንዳትቀሪ" ብለው ሄዱ። ጨዋታውን በፍሎፒ ዲስክ ገልብጬ ወጣሁ።

ዓርብ

ከሥራ ቀረሁ። ወደ ፈተናው ሄድኩ።

ፈታኙ ኮዱን አይቶ ጀልባዋን ወደ ቀኝ ዳር ነዳትና፣ "ለምን ሰባ ዘጠኝ?" አለኝ። ረቡዕ ቢጠይቀኝ አላውቅም ነበር። ነገርኩት። "ጥሩ፣ ወስደንሻል። ሰኞ መልቀቂያሽን አምጪ" አለ።

ወደ ሴቻ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ አለቀስኩ። አልፌም መውጣት አልችልም።

መዝገብ ቤት ገብቼ ነገሩን ስነግራቸው እትዬ አልማዝ ሁለት አሮጌ ፋይሎች አወጡ። ከዚህ መሥሪያ ቤት የለቀቁ ሠራተኞች ፋይሎች ናቸው። "እነዚህ መልቀቂያ አልለመኑም። የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ጻፉ፤ ወሩ ሲሞላ መልቀቂያቸውን ተቀብለው ሄዱ። ምነው ቀድመሽ ብትጠይቂኝ?"

ማስጠንቀቂያዬን እዚያው ተየብኩት። በሦስት ዓመት ውስጥ ለራሴ የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ። እትዬ አልማዝ በገቢ ደብዳቤዎች መዝገብ ላይ አስፍረው ቁጥር ሰጡትና ቅጂውን አስያዙኝ። አቶ ዘነበ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሪፖርቱን ሰጡኝ፤ ተየብኩ።

ኮሌጁ አንድ ወር ይጠብቀኝ እንደሆነ ሰኞ እጠይቃለሁ። ባይጠብቀኝም ደብዳቤውን መልሼ አልወስድም።